ለጋሼ ሀብታሙ፦ የኳሱን ጌም ማን እንደሠራው

ለተከበሩ ጋሼ ሀብታሙ፣ የጌም ቤቶች ቁጥጥር ኃላፊ፣
ሸዋ ሮቢት

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ፤ ይሄ የቆላው ሙቀት አይንካዎት፣ አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፣ የቢሮዎ ቬንትሌተርም መብራት አይጥፋበት። እኔ ሐምዲያ ነኝ፣ ትናንት ጌም ቤቷን ያሸጉባት፣ መታወቂያዋን የያዙባት፣ «በሐሰት ፈርመሻል፣ ሐሙስ ፖሊስ ጣቢያ ትቀርቢያለሽ» ያሏት። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ነው፣ ይሄንንም እየነገርኩት ጎረቤቴ ነው የሚጽፍልኝ፣ ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ አመሰግናለሁ። ፈቃድ ሳወጣ ማንበብ እንዳልቸገር ፎርሙን ራስዎ ሞሉልኝ። «ፈርስት ፓርቲ ጌም ብቻ ነው የሚፈቀደው» አሉኝ፣ ምንድነው ስልዎ «የጌም ማጫወቻውን ማሽን የሠራው ድርጅት ራሱ የሠራው ነዋ፣ የሌላውማ ባለቤቱ አይታወቅም» አሉኝ፣ ከዛ የሲዲዎቹን ሽፋን እያገላበጡ «ይኸው የማጫወቻው አርማ ሁሉም ላይ አለ፣ ሁሉም የራሱ ነው፣ ፈርሚ!» አሉኝ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝን እምቢ ማለት አልለመድኩም፣ ፈረምኩ።

ሁለተኛ፣ አርማው እኮ ጋሼ «እዚህ ማጫወቻ ላይ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል» ለማለት ነው። ከሮቢት ማንጎ የጫነ መኪና ኬላ ላይ ማህተም ስለተመታለት ማንጎውን ኬላው ተከለው ይባላል? የኳሱን ጌም የሠራው ሌላ ድርጅት ነው፣ ሰርድ ፓርቲ የሚሉት እሱን ነው፣ ሮቢት ደግሞ ከኳስ ሌላ የሚጫወት የለም። ይሄን ሰው ሲነግርዎት ውሸታሟ እኔ ሆንኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ደግነትዎም አመሰግናለሁ፣ የተኩሱን ጌም «ይቺ ሌላ ማጫወቻ ላይ የለችም፣ ይቺ ትክክል ናት» ብለው ከክሱ ተዉልኝ። እሷም የሌላ ድርጅት ሥራ ናት ጋሼ! ለአንድ ማጫወቻ ብቻ ስለተሠራች የማጫወቻው ባለቤት ሠራት አይባልም። አሁን ይሄን ብናገር ክሱ ሁለት ሊሆንብኝ፣ ዝም ብል ደግሞ «አሁንም ዋሸሽ» ሊሉኝ። ደብረ ሲና አክስቴ ጋ እንዳልሸሽ ያለ መታወቂያ ኬላ አያሳልፉኝም፣ ቤት እንዳልቀመጥ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይወጣል። በየት በኩል ልውጣ?

ከብዙ አክብሮትና ከዚያ ከሚበዛ ፍርሃት ጋር፣ መሄጃ ያሳጧት ታዛዥዎ፣
ሐምዲያ ሷሊሕ

ሳልነግርዎት እንዳልቀር፦ የፎርሙን ኮፒ ዛሬ ጎረቤቴ ሙዐዊያ አነበበልኝ። ከእኔ ስም በታች «ጌሞቹን አንድ በአንድ አይቼ አረጋግጫለሁ» ይላል፣ የፈረሙትም እርስዎ ነዎት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታሸገው በር ላይ ለጥፈነዋል፣ ሰዉ እያነበበው ነው። ፖሊስ ጣቢያ ብቻዬን መግባት ነበር የፈራሁት፤ ሐሙስ ጠዋት ይጥሩኝ፣ አብረን እንሄዳለን።