የፍልፈሎቹ የመጨረሻ ጨዋታ

ለወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? የአሪዞና ፀሐይ ጠብሶ ጨረሰህ ወይስ ተላመዳችሁ? ሚስትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደህና አይደለሁም፤ ንዴት ሊገድለኝ ነው።

ይኸውልህ፣ ከተማችን ያን ሁሉ ዓመት ረስቶት የኖረውን ያንተን የቤዝቦል ቡድን ድንገት አስታወሰ። በድሮው ሜዳ በር ላይ ለብሬክሰን ፍልፈሎች የመታሰቢያ ድንጋይ ሊቆምላቸው ነው። ቤተ መጻሕፍት ስለምሠራ "ታሪኩን አንቺ ጻፊልን" አሉኝ። እኔም ሞኟ እሺ አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ፀጉር አስተካካዩን ድዋየርን ታስታውሰዋለህ? የመታሰቢያው ኮሚቴ ሊቀ መንበር እሱ ነው። በሰፈራችን መጀመሪያ ቴሌቪዥን ገዝቶ በጋውን ሙሉ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የከረመ ሰውዬ፣ ዛሬ "አንድም ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም" ይልልኛል። ቡድኑ ለምን ፈረሰ ብዬ ብጠይቀው፣ "እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ አባትሽ አሉልሽ አይደል?" ብሎ ፀጉሩን ሊቆረጥ የተቀመጠውን ሁሉ አሳቀብኝ። የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓዱ ተዘግቶ ግማሹ ሰው ሥራ ፍለጋ እንደተበተነ፣ ቡድኑን በበላይነት ይዞት የነበረው ትልቁ ክለብም ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ወደ ሌላ ከተማ እንደወሰደ ማን ያንሳ! የለም፣ በእሱ ቤት ፍልፈሎቹን የገደላቸው የአባባ አፍ ነው። ድንጋዩ ላይም "በአንድ ቃል የፈረሰ ቡድን" ብለን እንቅረጽ አለ። "በራስህ መቃብር ላይ አስቀርጸው" አልኩት። ኮሚቴው ይቅርታ ጠይቂ አለኝ፤ አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም።

በድዋየር ተናደድኩ፤ ባንተ ግን ይብሳል። በዚያ በመጨረሻው ጨዋታ አንተ ስትወረውር፣ ከዘጠኙ ዙር እስከ ስምንተኛው ድረስ አንድ መቺ እንኳ ኳስህን አልመታም ነበር። ኳስ ወርዋሪ እንዲህ ሲቀናው እንደማይነገረው፣ አጠገቡም እንደማይቀመጡ እኔ ራሴ ፀጉሬን ሁለት የምጎነጎን ልጅ ሆኜ አውቅ ነበር። ቃሉን ካፉ ያወጣ ያከሽፍበታል ይባላል አይደል? ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጦ ሳለ አባባ ተነሡ፣ አጥሩ ድረስ ሄዱ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው "ልጄ! እስካሁን ማንም አልመታብህም!" ብለው ጮኹ። የሚቀጥለውን ኳስ ያ ወፍራም መቺ ከሜዳው ውጭ ላከው፤ ተሸነፋችሁ። በረዶ ሳይጥል ቡድኑ ፈረሰ፣ አንተም ሻንጣህን አንጠልጥለህ ሄድክ። ለእማማ ቀብር መጥተህ እንኳ የአባባን እጅ ጨብጠህ ቃል ሳትተነፍስ ተመለስክ። ለአንድ ኳስ! ኧረ እግዚአብሔር ያሳይህ!

አሁን ስማኝ። የጻፍኩትን ታሪክ እሑድ ዕለት ለአባባ ላነብላቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አልጋውን ምድር ቤት አውርደንላቸዋል፤ ደረጃ መውጣት ካቆሙ ቆዩ። ያ የከሰል አቧራ ደረታቸውን ጨርሶታል፣ ሁለት ቃል ተናግረው ያርፋሉ። እዚያ ጨዋታ ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ። ለካ ቤዝቦል አይተው አያውቁም ነበር! አለቃቸውን ለምነው የወጡት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ልጄ አግዳሚው ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል" አሉኝ። "ጓደኞቹ ሸሽተውታል። ውሃ የሚያቀብለው እንኳ የለም፤ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩበታል። የስደተኛ ስሎቫክ ልጅ ስለሆነ አገለሉት ብዬ አንጀቴ አረረ። እኛንም ጉድጓድ ውስጥ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉን። ሌላው ቢያኮርፈው አባቱ አለሁ ይበለው ብዬ ተነሣሁ።"

ወንድሜ፣ ወረቀቱን ጥዬ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ንዴቴ ተመለሰና "ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩትም?" ብዬ ጮህኩባቸው፣ በታመመ ሰው ላይ! "መናገር ያመጣብኝን አይተሻል" አሉኝ።

ድንጋዩ የሚመረቀው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ለድንጋዩ ግድ የለኝም፤ ድዋየር የፈለገውን ይቅረጽበት። ሐኪሙ ግን ደጅ ድረስ ስሸኘው "ሩቅ ያለ ልጅ አላቸው ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ለምን እንደጠየቀኝ አንተም ይገባሃል። ስለዚህ ኩርፊያህን እዚያው በረሃ ላይ ቅበረውና ና።

አባባ ነጋ ጠባ "ይመጣል መሰለሽ?" ይሉኛል። ትናንት "ቢመጣስ ምን ይሉታል?" አልኳቸው። "ምንም። አጠገቡ እቀመጣለሁ እንጂ አንዲት ቃል አይወጣኝም፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት" አሉኝ።

መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

የተቆጣችህና የምትወድህ እህትህ