አቶ ገርባ ሆራ፣ መስማት የተሳናትን ልጃቸውን ፊደል ያስቆጠሩ አባት

አቶ ገርባ ሆራ ከአባታቸው ከአቶ ሆራ ዋቆና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰንበታ ጉዶ በ1880 ዓ.ም. በመቂ ወንዝ አጠገብ ተወለዱ። በ1907 ዓ.ም. የባቡር ሥራ ወደ አዳማ አመጣቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐዲድ ጠገኑ። በ1910 ዓ.ም. ወይዘሮ እልፍነሽን አግብተው፣ በዓመቱ አንዲት ልጃቸውን ዘርፉን ወለዱ።

ዘርፉ በስድስት ዓመቷ ኩፍኝ ወጣባት። ከሞት ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን ተዘጋ። ፊደል ሊያስቆጥሯት ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ቢወስዷት መምህሩ፣ «ገርባ፣ ንባብ የሚገባው በጆሮ ነው፤ ልጅቱን አታድክማት» አሏቸው።

«የኔታ፣ ዓይኗ ደኅና ነው» አሉ አቶ ገርባ። «እንግዲያው እኔን ያስተምሩኝ።»

የሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሰው በየማለዳው ከሕፃናት ጋር መሬት ተቀመጡ። ሰዉ ሳቀባቸው፤ እኔ ታናሽ ወንድማቸው መርዳሳም ኀዘን ያሳበዳቸው መስሎኝ ነበር። የቀሰሟትን ፊደል ከሥራ ሲመለሱ ጣውላ ላይ በከሰል ጽፈው የልጃቸውን እጅ ጉሮሯቸው ላይ ያኖራሉ። «በ» እና «መ» ከንፈር ላይ አንድ ሆነው አስቸገሩ። ጣቷን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ «መ» ሲሉ ይነዝራል፣ «በ» ሲሉ ዝም ይላል። «ተ»ን ከ«ጠ» የለየችው መዳፏን በሚነካው ትንፋሽ ነው። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። በጋኑ ላይ በኦሮምኛ «ቢሻን»፣ ከሥሩ በአማርኛ «ውኃ» ብለው ጻፉላት፤ በሁለቱም ቋንቋ አነበበች።

በ1920 ዓ.ም. መምህሩ ለማኅበር እቤታቸው መጡ። ዳዊቱን ከመካከል ገልጠው ለዘርፉ ሰጧት። ከፍ ዝቅ በሚል ድምፅዋ አንዱን መዝሙር እስከ ጫፉ አነበበችው። መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ማን አስተማራት?»

«እርስዎ ነዎት፣ የኔታ። እኔ አመላላሽ ነበርኩ።»

ከዚያ ወዲህ የወሎው ነጋዴ ሽኩር በዚያው በሽታ ጆሮዋ የተዘጋ ልጃቸውን ፋዲላን አመጧት። አቶ ገርባ ከዘርፉ ጎን አስቀመጧት፤ እሷም ፊደሉን ለየች።

በሐምሌ 1925 ዓ.ም. ጎርፍ የበላውን ሐዲድ ሲጠግኑ በዝናብ ዋሉ፤ የሳንባ ምች ጣላቸው። ዘርፉ ሦስት ሳምንት አጠገባቸው ተቀምጣ ዳዊት ደገመችላቸው። ነሐሴ 9 ቀን ጠዋት አንድ መስመር ዘለለች። አቶ ገርባ መናገር ተስኗቸው ነበርና፣ ጣታቸውን አንሥተው በተዘለለው መስመር ላይ አሳረፉት። እሷም መልሳ አነበበችው። እኩለ ቀን ሳይደርስ በአርባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ እልፍነሽን፣ ልጃቸውን ዘርፉንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን፣ ቃሉ ለሁሉ እኩል በሚሰማበት አገር ያሳርፍልን። አሜን።