ጠረጴዛ ሆና ስለቀረችው ወሳንሳችን

ይድረስ «ግቡልኝ» ለተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት ዋና ኃላፊ፤
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቸሩ መድኃኔ ዓለም ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ጤናዎን ይጠብቅልን ዘንድ እኛ ከገነተ ማርያም በላይ በወይራ አፋፍ ጎጥ የምንኖር ሰዎች ዘወትር እንለምናለን። ስለ እግርዎ ግን ከሁሉ አብልጠን እንለምናለን፤ ምክንያቱም ክቡርነትዎ በአገራችን ሲያልፉ ድንገት ቢያደናቅፍዎ የምንሸከምበት ነገር የለንም። የነበረችን አንዲት ወሳንሳ ዛሬ በእርስዎ ዝግጅት ኮከብ ሳሎን ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክማ ትውላለች።

ጸሐፊው መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ እባላለሁ፤ የጎጣችን የቅሬ ዳኛ ነኝ። ቅሬ እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። ወሳንሳ ደግሞ ሁለት ረጃጅም አጣና፣ መካከሉ በበሬ ጠፍር የተጠላለፈ፣ ታማሚ ወደ ሐኪም፣ ሟችም ወደ መቃብር የሚሄድባት የትከሻ አልጋ ናት። የጤና ሠራተኞቻችን በስብሰባ ላይ «ባህላዊ አምቡላንስ» ይሏታል። የእርስዎ አቅራቢ «የላስታ ነገሥታት የእልፍኝ አልጋ» አላት። እኔ ብዕር ያነሣሁት ስለ ስሟ ልከራከር አይደለም፤ ልጄ ባንችይርጋ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ገብታለች፣ ወሯም ደርሷል፣ ከቤቴ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ያለው ገደል ደግሞ ነፍሰ ጡር በእግሯ የምትወጣው ዓይነት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ኅዳር ወይዘሪት ውባንቺ፣ ይኸችው አነሣሷንና አተኛኘቷን አገር ሁሉ በቴሌቪዥን የሚከታተልላት ኮከብዎ፣ «የአያቴን አገር ላሳያችሁ» ብላ ካሜራ አስከትላ ወደ ጎጣችን መጣች። ደስታችንን ምን ብዬ ልንገርዎ! አጥራችንን አደስን፣ ውሾቻችንን አሰርን፣ ደጅ የማያውቅ ጋቢ ሁሉ ከሣጥን ወጣ። እሷም ተረከዙ እንደ ችካል በቆመ ጫማ ቁልቁለታችንን ልትወርድ ስትሞክር እግሯ ተጠማዘዘ፤ ጩኸቷ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ ተሰምቶ መነኮሳቱን ሳያስበረግግ አልቀረም። ወዲያው ጥሩንባ ተነፋ። ገበሬው ውቂያውን አውድማ ላይ ትቶ መጣ። ጋሻዬ የተባለው ጎረቤታችን፣ ትከሻው እንደ በሬ ነውና፣ ከፊት ሆኖ፣ ሌሎቻችን እየተቀባበልን እስከ መኪናችሁ አደረስናት።

እዚህ ላይ ደንባችንን ቢያውቁልኝ እወዳለሁ። በእኛ ዘንድ ወሳንሳ ላይ የተጫነ ታማሚ ሐኪም ፊት ሳይቀርብ አይወርድም፤ መንገድ ላይ መሬት ካስነኩት ክፉ ገድ ነው ይባላል። ስለዚህ ወይዘሪት ውባንቺን ከነወሳንሳዋ መኪናችሁ ላይ ጫንናት። ወሳንሳ ስትሄድ በቅሬው ትከሻ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ግን የታመመው ሰው ወገኖች ጠፍሯን አጥበው በራሳቸው ትከሻ ያመጧታል። ከአባቶቻችን ጀምሮ ያልመለሰ ሰው የለምና «መልሱ» ብሎ መናገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እናንተንም ያንን ነውር ፈርተን «እግዜር ይማርሽ» ብቻ ብለን ሸኘናችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ!

ወራት አለፉ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ወይዘሪት ውባንቺ አፓርታማዋን በአዲስ መልክ ያሳመረችበትን ዝግጅት በቀበሌያችን የወጣት ማዕከል ተጨናንቀን ስናይ፣ መጋረጃውን እያደነቅን፣ ሶፋውን እያደነቅን፣ ካሜራው ዝቅ ሲል ወሳንሳችን ብቅ አለች። አራት አጫጭር እግር ተተክሎላታል፤ መስታወት ተደፍቶባታል፤ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ ሻማና ሪሞት ተደርድሮባታል። በጎጥ ደረጃ ዝናን ስንመኝ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴትዮ መሆናችን የገባን ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ያለንን ቅሬታ፣ ቅሬታ ማለት ካልከበደ፣ በታላቅ ትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ። ወሳንሳችንን ከነገሥታት ዘር ስለቆጠራችሁልን እጅ እንነሣለን። አጣናዋ ከጓሮዬ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጠፍሯም ገደል ገብቶ የሞተብን የጋሻዬ በሬ ቆዳ ነው። ነገሥታቱ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር በዓይናቸው ሳያዩ ቢያርፉም እናንተ እንዲህ ካላችሁ እንቀበላለን። ጋሻዬማ በሬው ንጉሣዊ ሆኖ ስለተገኘ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጠው አንገቱን ብቻ በመነቅነቅ ነው።

ሁለተኛ። ተመልካቾቻችሁ ስለ ቤቱ የላኳቸውን አስተያየቶች አቅራቢያችሁ ሲያነብ በጥሞና አዳምጠናል። ከሐዋሳ አንዲት እኅት ጠረጴዛዋ ሳሎኑን ሞቅ እንዳደረገችው ጽፋለች። እኛ እስከምናውቀው ወሳንሳ የገባችበት ቤት የሚሞቀው በለቅሶ ነበር፤ የከተማው ለየት ይላል ማለት ነው። ከዱባይ አንድ ወንድም ደግሞ እንዲህ ያለችውን የት ሄዶ ሊያገኝ እንደሚችል ጠይቋል። ዕድሜ ይስጠውና፣ ምንም አይቸኩል በሉልን፤ ሁሉም በተራው ያገኛታል። የአዳማው ሰውዬ አስተያየት ግን አስደነገጠን። ለሳሎን ረዘም ስላለች ጫፍና ጫፏ ቢቆረጥ ይመረጣል ነው የሚለው! ክቡር ሆይ፣ ይህን ሰው እባክዎ ያስታግሱልን። የወሳንሳ ቁመት የሚለካው በሶፋ አይደለም፣ በሰው ነው። ይህ ሲነበብ ጋሻዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲሄድ ይዘን ነው ያስቀመጥነው፤ ቴሌቪዥኑ የመንግሥት ንብረት ነውና።

ሦስተኛ። እኛም እንደ ማንኛውም ተመልካች አስተያየታችንን በስልክ ልከን ነበር። የላክነው «የእኛ ናት፤ ልጄ ልትወልድ ስለሆነ ቶሎ መልሱልን» የሚል ነው። አቅራቢያችሁ በሚቀጥለው ሳምንት «ከላስታ የመጣ መልእክት፦ የእኛ ናት!» ብሎ አነበበና እዚያው አቆመ። ከዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሕዝቡ በቅርሱ እንዴት እንደሚኮራ ተናግሮ፣ የሁላችንም ናት ብሎ ጨመረበት፤ ወይዘሪት ውባንቺም እንባዋን ጠረገች። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ነበር። የቀረውን ግማሽ መልእክት ምን እንዳደረጋችሁት ባናውቅም፣ ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን የሚለው መልስ በሰዓቱ ደርሶናል።

አራተኛው የባለቤቴ የደብሪቱ ነው። ጽፌ ካበቃሁ በኋላ ሳነበው ለክቡርነትዎ ጆሮ የማይመች ሆኖ ስላገኘሁት ሰርዤዋለሁ፤ ከእኔ አፍ ሳይሆን ከእሷ አፍ ሊሰሙት ቢፈልጉ ግን ጎጡን ማንም ያሳይዎታል።

አምስተኛ። በወይዘሪት ውባንቺ የልደት በዓል ዕለት ኬኩ የተቆረሰው በወሳንሳችን ላይ መሆኑን አይተናል። እንኳን አደረሳት! ነገር ግን ክሬሙ የፈሰሰበት ጫፍ ባለፈው ፍልሰታ የቀበርነው የአያ ይታገሱ እግር የነበረበት ነው። አያ ይታገሱ በሕይወት ሳሉ ድግስ የሚወዱ ሰው ነበሩና እሳቸው እንኳ ቅር አይላቸውም። ለእንግዶቹ ጤና ነው የሰጋነው።

ቀበሌያችንም ዝም አላለም። ጉዳዩን በአንድ ለአምስት አደረጃጀት አንሥተን ስንወያይ ሊቀመንበራችን ወሳንሳዋ አዲስ አበባ መታየቷን በስኬት መዝግበውታል፤ ለወረዳ በላኩት ሪፖርት ላይ ባህላዊ አምቡላንሳችን ከቀበሌው አልፎ በዋና ከተማ ደረጃ አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል የሚል ተጽፏል። እኔ ደግሞ በወሳንሳ አያያዝ ላይ ክፍተት አሳይተሃል ተብዬ ተገምግሜያለሁ። በዚያው ስብሰባ ማንኛዋም እናት በቤቷ መውለድ የለባትም፣ ሁሉም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ የሚለው መመሪያ እንደገና ተነበበልን። በምን እንደምትሄድ መመሪያው አይናገርም።

አዲስ ወሳንሳ ለምን አትሠሩም ይሉኝ ይሆናል፤ መቼም ከተማ ሆኖ ለሚያስበው ሰው ቀላል ነው። በእኛ ዘንድ ግን ወሳንሳ በወጣችበት ሳትመለስ ሁለተኛ መሥራት ሞትን በስሙ መጥራት ነው ይባላል። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝና ይህ ከንቱ ነገር ነው ብዬ በቅሬው ፊት ሰብኬያለሁ። ሁሉም እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባሕር ዛፍ ልንቆርጥ ስንል ግን መጥረቢያ ያለው ሰው ጠፋ። እውነቱን ልናገርና፣ የእኔም መጥረቢያ ከተሰቀለበት አልወረደም። በባንችይርጋ ላይ እጄን አንሥቼ ገድ አልሞክርም። ከገደሉ ማዶ ካለው ጎጥ እንዋስ ቢባል ደግሞ፣ እነሱ የሚያውሱት ሰው ከታመመ በኋላ ብቻ ነውና፣ ማዶ ሄደን እስክናመጣት ድረስ ምጡ ይጠብቀናል ወይ?

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ድረስ ስቀልድ ቆየሁ። አሁን ግን እፈራለሁ። ባንችይርጋ ከአምስት ልጆች የተረፈችልን አንዲት ናት፤ ሌሊት ስትገላበጥ እኔና እናቷ እኩል እንነቃለን። ደብሪቱ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ መንገዱን ታያለች፤ ምን እንደምትጠብቅ አልጠይቃትም።

ስለዚህ የምንለምነው ጥቂት ነው። መስታወቱን አንሡት፤ የራሳችሁ ነው። የተተከሉትን እግሮች ንቀሉልን፤ ወሳንሳ የሚያስፈልጋት የእኛ እግር ነው። ከዚያ በምትችሉት መኪና ጫኑልንና እስከ መንገዱ አድርሱልን፤ ካሜራ ይዛችሁ ብትመጡም ቅር አይለንም፣ ጋቢውም ገና ሣጥን አልገባም። የወይዘሪት ውባንቺ ሳሎን ባዶ ሆኖ ተመልካች እንዳያዝን ደብሪቱ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰፋችውን ትልቁን መሶብ ልትልክላት ፈቅዳለች። ከእሷ ላይ የተነሣ አስከሬን የለም፤ ኬክም ቢቆረስባት ያምርባታል።

ወገቤን ጎንበስ፣ ድምፄን ዝቅ፣ ተስፋዬን ደግሞ ከሁለቱም ዝቅ አድርጌ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን መስታወት ያልተደፋበት አክብሮት እያቀረብኩ እሰናበታለሁ።

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ
የወይራ አፋፍ ጎጥ የቅሬ ዳኛ፣ ወሳንሳ አልባው

ግልባጭ፦
ለሐዋሳዋ እኅታችን፣
ለዱባዩ ወንድማችን፣
ለአዳማው ሰውዬ (መጋዙን እንዲያስቀምጥ)።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላሊበላ ፖስታ ቤት ሳላደርሰው ባንችይርጋን ምጥ ያዛት። የቤቴን የሳንቃ በር ከነመቃኑ ነቀልንና እሷን አስተኝተን ገደሉን ወጣን። በር ጠፍር የለውምና ያንሸራትታል፤ ዳገቱ ላይ ጋሻዬ በጥርሱ ጭምር ነጠላዋን ይዞ ነው ያተረፋት። መኪናው መንገድ ሳንደርስ፣ ሜዳ ላይ፣ ሴቶቹ በኩታ ከልለዋት ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ እናትም ልጅም በእመቤታችን ቸርነት ደኅና ናቸው፤ እኔ በአደባባይ እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ፣ አላፍርበትም። በሩ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ ስለቀረ ቤቴ ዛሬ በአዲስ መልክ ተዘጋጅቷል፤ ብርሃን ገብቶበታል፣ ውርጭም እንዲሁ፤ ተመልካቾቻችሁ በእሱም ላይ አስተያየት ሊሰጡ ይችላሉ። ወይዘሪት ውባንቺም አራስ ልትጠይቅ ብትመጣ ማንኳኳት አያስፈልጋትም። እግሯ ድጋሚ ቢጠማዘዝባት ደግሞ ክቡርነትዎ ምንም አይስጉ፤ አሁንም ጥሩንባ ነፍተን፣ ውቂያችንን ትተን፣ በጀርባችን አዝለን እናደርሳታለን። ጀርባችንን ይዛችሁብን አትሄዱም።