የመሪጌታ አንገትና የእትዬ አጸደ ቅቤ

ጥር 4፣ ጠዋት 3፡20

ስኮቹ አልይዝ አለ። ሦስት ጊዜ ለጠፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ተንሸራተተ። የቆዳ ቅርፊት በስኮች አንስቶ ስላይድ ላይ መለጠፍ የላቦራቶሪ ሀሁ ነው፤ ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። በማይክሮስኮፕ ሳይ የቅባት ጠብታ ብቻ። የታካሚው አንገት ለካ ቅቤ ተለቅልቋል።

ታካሚው መሪጌታ ሐዲስ ናቸው (ከአሁን በኋላ መ/ታ)፣ የደብራችን የዜማ መምህር። አንገታቸውና ደረታቸው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቷል። ዶ/ሩ ቋቁቻ ነው ባይ ነው። እሳቸው ለምጽ ነው ብለው ቆርጠዋል። ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸውን ከማኅሌት አግደዋል፤ ለጥር 21 ንግሥም አልቆምም ብለዋል። የባሰው ደግሞ፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ አጸደ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ትተዋል። አርባ ዓመት አብረው የበሉ ሰዎች። አንጀቴን በሉት። ታጥበው እንዲመለሱ ነገርኳቸው።

ጥር 6

ተመለሱ። ታጥበዋል። ከታጠቡ በኋላ እንደገና ተቀብተዋል። የእትዬ አጸደ ሥራ ነው፤ ሰው ሐኪም ፊት እንዴት ቆዳው ደርቆ ይቀርባል ብለው። ልቆጣ ነበር፣ ሳቄ ቀደመኝ። በሳሙና እኔው አጠብኳቸው።

ስኮቹ ያዘ። አየሁት፣ ማስታወሻዬ። ክብ ክብ ዘለላ፣ በመካከሉ አጫጭር ዘንግ። ጭድ ላይ የተበተነ ቆሎ ይመስላል። ቋቁቻ ነው። ደስታዬ ከወንበሬ አስነሳኝ።

መ/ታን አስጠግቼ አሳየኋቸው። ከእርሾ ወገን የሆነ ፈንገስ ነው አልኳቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ዶ/ሩ መድኃኒት አዘዘ። ፈንገሱ ቢሞትም ነጩ እስኪጠፋ ወራት ይፈጃል ሲላቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ያሳየሽኝ የሞተ ነገር ነው፣ ልጄ። እኔ ገላ ላይ እንደሚኖር በምን ልወቅ? እርሾ ከሆነ እስቲ ይነሣ።»

እልኸኛ ሽማግሌ። እኔ ደግሞ የባስኩ። መድኃኒቱን ሳይጀምሩ ቅርፊት ወሰድኩ፣ የፈንገስ ማብቀያ ምግብ ባለባቸው ሁለት ቱቦዎች ላይ ዘራሁ። አንዱን እንዲሁ ተውኩት፣ ሌላው ላይ የወይራ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። መጽሐፉ ይህ ፈንገስ ያለ ቅባት አያድግም ይላል። በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ጥር 11፣ ማታ 12፡30

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ቱቦዎቹን ያስቀመጥኩበት ማሞቂያ ሳጥን በረዶ ሆኗል። የከተማችን የራቤል የጥር ውርጭ እንኳን ፈንገስ ሰውም አያሳድግ። ምን አደረግሁ መሰለህ? ቱቦዎቹን በፋሻ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ፣ የሱፍ ባና ደረብኩ፣ ጥምቀት ወጣሁ። ክዳናቸው ጥብቅ ነው፤ ፈንገሱም ቢሆን በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። ለዶ/ሩ ግን አልነገርኩም፤ አንተም ዝም በል።

ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ እጄን ማንሳት አልቻልኩም። እትዬ አጸደ ጎኔን ያመመኝ መስሏቸው ማርያም ትማርሽ አሉኝ። መ/ታ ከሩቅ ቆመዋል፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ጠቅልለው። ከዝማሬው ውስጥ የሳቸው ድምፅ መጉደሉ ያስታውቃል። ከፋኝ። ክንዴን ጠበቅ አደረግሁ።

ጥር 14፣ ጠዋት

በቀለ። ዘይት ያለበት ቱቦ ላይ ክሬም የመሰለ፣ ወፍራም፣ የሚያምር። ዘይት የሌለበት ባዶ። ከላዩ ቆንጥሬ በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ እያቆጠቆጠ ነው። ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ።

ከዚያ ነው የበራልኝ። ቅባት። እትዬ አጸደ ጠዋትና ማታ አንገታቸው ላይ የሚያሹት ቅቤ። ሁለቱንም አስጠራኋቸው፣ ቱቦዎቹን አሳየሁ፣ እንዳያዝኑ እየፈራሁ ነገርኳቸው። እትዬ አጸደ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መ/ታ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩ፣ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቁ ነው።

«ለካ ቀላቢው አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ከትሪዬ ሲሸሹኝ ገላዎን ልቀልብ እንጂ።»

ሳቁ ቆመ። መ/ታ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ቱቦ የማስተካክል መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ጥር 21፣ ቀን 7፡00

ከእነ መ/ታ ቤት ነው የምጽፈው፣ መደብ ላይ ተቀምጬ። ሌሊቱን ተረኛ ስለነበርኩ ቤተ ክርስቲያን የደረስኩት ነግቶ ነው። ገና ከቅጥሩ ውጭ ሳለሁ ድምፃቸውን ሰማሁ። ቆመዋል፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከፊት። ነጩ እንዳለ ነው፤ ምንም አልጠፋም። አንገታቸውን ግን አልሸፈኑም። ጎኔ የቆመች ሴትዮ ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ እትዬ አጸደ ዞር አሉና፣ ቋቁቻ ነው፣ የቀለብኩትም እኔ ነኝ ብለው በኩራት ነገሯት። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ።

አሁን ትሪ ቀርቧል። አንድ ትሪ። መ/ታ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእትዬ አጸደ አጎረሱ። ሁለተኛውን ለኔ። ቅቤው ዛሬ ቦታውን አግኝቷል፣ ዶሮው ላይ ተንሳፍፏል። እስከ እጄ አንጓ ወርዷል፣ እስክሪብቶውም ያንሸራትተኝ ጀምሯል። ታጥቤ ልመለስ ብዬ ስነሳ እትዬ አጸደ ሌላ ጉርሻ ጠቅልለው ወደኔ ዘረጉ። እስክሪብቶው ይቆይ።