ለዮፍታሄ የጠቆምናቸው መጻሕፍት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የሁለት ክፍል የባዮሎጂ ፈተና አረምኩ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ትናንት ያጠብኩት ጋቢ ዛሬም እርጥብ ነው። የመንዟ ዘመሮ ነፋስ ይጮኻል እንጂ ልብስ አያደርቅም።

ከሰዓት በኋላ ቤተል ጋ። አራታችንም ተገኘን። እሷ ከጤና ጣቢያ ገና መግባቷ ነው፣ ነጩን ጋዋን እንኳ አላወለቀችም። ጋሽ ወዳጆ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር አይደሉ? ቅዳሜም ክራቫት ያስራሉ። ዮፍታሄ እንደ ልማዱ መጨረሻ። ፊዚክስ እያስተማረ ሰዓት የማያውቅ ሰው...

የዛሬው ወግ የሳይንስ ልቦለድ ሆነ። ዮፍታሄ ነው ያመጣው። "ሰው ሳያነበው መሞት የሌለበት አንድ መጽሐፍ። አንድ ብቻ!" አለ ጣቱን ቀስሮ።

ቤተል ቀደመች። የሌላውን ሰው ሕመም በገዛ አካላቸው ተሸክመው የሚያድሩ ሰዎች ያሉበት ከተማ። ሀብታሙን ጥርሱን ሲያመው ድሃው ጉንጩን ይዞ ያለቅሳል። አንዷ ተሸካሚ የአንዲት እመቤት ምጥ ትሸከምና ልጁ ሲወለድ አልሰጥም ትላለች። "እኔ ነኝ ያማጥኩት፣ ልጁ የኔ ነው።"

ጋሽ ወዳጆ "ይሄ እኛ ችሎት ቢመጣ ምን ልንል ነው?" አሉ። ሳቅን።

የሳቸው ደግሞ ፍርድ አልሰጥም ስላለ ማሽን ነው። ለብዙ ዘመን ሲፈርድ ኖሮ አንድ ቀን "አላውቅም" ይላል። ከተማው ይታወካል። "እኔ ችሎት ውስጥ ይቺን ቃል አንድ ቀን እንኳ ሰምቼ አላውቅም" አሉ። ሲሉት አልሳቁም።

የኔ ተራ በሚቀጥለው ሳምንት። ከወዲሁ የምለውን እየተለማመድኩ ነው... ፈተና ነው እንዴ?


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ተናገርኩ! ጨረቃ ላይ ገብስ ሊዘሩ የሄዱትን ገበሬዎች መጽሐፍ። አፈሩ ሙት ነው፣ አመድ። ፀጉራቸውን፣ ጥፍራቸውን፣ በኋላም የሞተባቸውን ሰው እየቀበሩ አፈር ያደርጉታል። ገብሱ የሚበቅለው የመጨረሻዋ ሴት ከሞተች በኋላ ነው። ማንም አያየውም።

"ሳይንሱ የቱ ጋ ነው ታዲያ፣ ማኔ?" አሉ ጋሽ ወዳጆ።

"አፈሩ ነዋ! ሞቶ የነበረ አፈር እንዴት ነፍስ እንደሚዘራ ነው መጽሐፉ በሙሉ።" ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ... "ሌሎቹ መጻሕፍት ስለ መድረስ ነው የሚያወሩት። ይሄኛው ስለ መቅረት ነው። ጨረቃን አገር ያደረጋት የደረሰው ሰው አይደለም፣ የቀረው ነው" አልኩ።

ዮፍታሄ "እስቲ ድገሚልኝ" አለ። ደገምኩለት።

እሱ ያመጣው የኮከብ ጦርነት ነበር። ከዳር እስከ ዳር ተኩስ። ቤተል መሃሉ ላይ እንቅልፍ ጣላት። አልከፋውም፣ አብሮን ሳቀ። ይሄን እወድለታለሁ...

እስከ ቤት ሸኘኝ። ብርዱን አይቶ ኮቱን ደረበልኝ። "አንቺና እነሱ ባትኖሩ ይሄን ከተማ አልችለውም ነበር" አለ። "አንቺና እነሱ።" ሁለት ቦታ ነው የከፈለን። ልብ አልኩት።


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዮፍታሄ ሊሄድ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ መጽሐፍ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘ። ለእኔ የነገረኝ ከርዕሰ መምህሩ ቀጥሎ ነው።

"መጻሕፍት መሃል ልትውል ነው" አልኩት።

"ቤት ልያዝና ከዚያ እንነጋገራለን" አለ። ምኑን? አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ? ፊቱ ላይ ያለው ደስታ እኔን የሚጨምር መሰለኝ።


እሑድ፣ ኅዳር 22

ደወለ። ቸኩሏል። ከጀርባው የመኪና ጡሩምባ። "ማኔ፣ የጋሽ ወዳጆ ማሽን ማን ነበር ያጠፋው መጨረሻ ላይ?" ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። "ማንም አላጠፋውም፣ ሰዎቹ ለመዱት እንጂ" አልኩት። አመሰገነ። ዘጋ።

እንዴት ነሽ አላለም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ደወልኩ። አላነሳም። ኔትወርክ ይሆናል።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ኔትወርክ አይደለም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ዮፍታሄ በሬዲዮ ይቀርባል ተብሎ ሦስታችንም ቤተል ጋ ተሰበሰብን። ጾም ነው፣ ሽሮ ሠርታ ነበር። ስልኳን ብርጭቆ ውስጥ አቆመችው፣ ድምፁ እንዲጎላ። ጋሽ ወዳጆ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ጆሯቸውን አስጠጉ።

ጋዜጠኛዋ "የግድ መነበብ ያለባቸው የሳይንስ ልቦለዶች" አለች። እሱ ጀመረ። ሕመም ተሸካሚዎቹ። ቤተል "የኔ! የኔን አለ!" ብላ አጨበጨበች። ቀጥሎ ማሽኑ። ጋሽ ወዳጆ ፈገግ። ከዚያ ገብሱ... "ጨረቃን አገር ያደረጋት የደረሰው ሰው አይደለም፣ የቀረው ነው" አለ። ቃል በቃል። ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ፤ አሁን ስሜን ይጠራል ብዬ።

ጋዜጠኛዋ "እንዴት ያለ አባባል ነው! ለመሆኑ እዚያ ሩቅ ደጋ ላይ እነዚህን መጻሕፍት ከማን ጋር ትወያይባቸው ነበር?" አለችው።

"ከማንም" አለ። "መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አልነበረም። ብቻዬን አንብቤ፣ ብቻዬን ነበር ከራሴ ጋር የማወራው።"

ቤተል ስልኩን ከብርጭቆው አወጣችው። ዘፈን ገብቶ ነበር።

ጋሽ ወዳጆ ተነሡ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ "ሽሮው ይቀዘቅዛል" አሉና ሳይበሉ ሄዱ።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ዛሬ አነሳ።

"ቆርጠውት ነው ማኔ። ፕሮግራሙ አጭር ነው።"

"'ከማንም' ያልከውን ነው የቆረጡት?"

"ጊዜ የለኝም፣ በኋላ እደውላለሁ" አለ። አልደወለም።

ሳስበው ዋልኩ። መጻሕፍቱን አንዳችንም አልጻፍናቸውም። ታዲያ ምን ወሰደብኝ? አንድ ዓረፍተ ነገር? ይውሰደው፣ ይጥቀመው። የሚከነክነኝ የነበርኩትን አልነበረችም ማለቱ ነው... ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያወራሁት እኔ ማን ነበርኩ ታዲያ?


ማክሰኞ፣ ጥር 6

ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። አቶ ኪዳነ ወልድ። ዮፍታሄ ለጥምቀት ይመጣል፣ ዓርብ ለተማሪዎች ንግግር ያደርጋል፣ መጻሕፍትም ያበረክታል።

"ትቀራረቡ ስለነበር የምታስተዋውቂው አንቺ ነሽ።"

"ሌላ ሰው ቢሆን፣ ጋሼ?"

"ምን ነካሽ? እንግዳ እኮ ነው።"

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?


ዓርብ፣ ጥር 9

የሰልፉ ሜዳ ላይ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ቤተልና ጋሽ ወዳጆ ከፊት ተቀምጠዋል፤ እሱ ነው የጋበዛቸው። አዲስ ካፖርት ለብሷል። ጉንጬን ሳመኝ። "ጠፋሽ እኮ" አለኝ። ጠፋሽ!

ማይኩን ያዝኩ። የተዘጋጀሁት ሌላ ነበር፣ ምስጋና ብቻ። አፌ ግን...

"እንግዳችን አቶ ዮፍታሄ እዚህ ፊዚክስ ያስተማራችሁ ነው። በሬዲዮ ሦስት መጻሕፍት እንድታነቡ ጠቁሟችኋል። እኔም እጠቁማችኋለሁ። የሕመም ተሸካሚዎቹን መጽሐፍ ያመጣችልን ሲስተር ቤተል ናት፣ ያቻትና። ፍርድ አልሰጥም ያለውን ማሽን ያመጡልን ጋሽ ወዳጆ ናቸው፣ አጠገቧ አሉ። የጨረቃውን ገብስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የአቶ ዮፍታሄ ምርጫ የኮከብ ጦርነት ነበር፤ በሬዲዮ ስላልጠቀሰው እኔ ልጥቀስለት። ተኩስ ለሚወድ ጥሩ መጽሐፍ ነው።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። አቶ ኪዳነ ወልድ መሬት መሬት አዩ።

ዮፍታሄ ተነሣ። ቀላ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። "መምህርት ማናለብሽ ድሮም ቀልድ ታውቃለች" አለ። እንደገና ሳቁ፣ አሁን ከሱ ጋር። ከዚያ ንግግሩን አደረገ። ጨረቃን አገር ያደረጋት... ብሎ እኔን እያየ ተናገረው። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አብሬ ሁለቴ አጨበጨብኩ። እጄን ምን ላድርገው?

በሩ ጋ ጠበቀኝ።

"አዋረድሽኝ።"

"ስም ነው የጠራሁት።"

"እዚያ እንዴት እንደሆነ አታውቂም። ከመንዝ የመጣ ብቸኛ አንባቢ ስባል ነው ዞር ብለው የሚያዩኝ። አራት ሆነን ሽሮ እየበላን እናነብ ነበር ብል ማን ይሰማኛል?"

እውነቱን ነው መሰለኝ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።


ቅዳሜ፣ ጥር 10

ከተራ። ታቦቱን ልሸኝ ወጥቼ ቤተልን አገኘኋት። ፊቷን አዞረች። ተከተልኳት።

"ምን አደረግኩሽ?"

"ማን ላከሽ፣ ማንዬ? እኔ ስሜ እንዲጠራ ጠይቄሻለሁ?"

"ያንቺ መጽሐፍ አይደለም እንዴ?"

"መጽሐፍ የማንም ነው! ያነበበ ሁሉ ይጠቁመዋል። እሱ እኮ አዲስ አበባ ክሊኒክ ሊያስገባኝ እየሞከረ ነበር።" እንባዋ መጣ። "አሁን በምን ዓይኔ ልየው?"

አላወቅኩም ነበር። ለካ ከእሷ ጋር ይደዋወል ነበር። የእሷን ስልክ ያነሳ ነበር...

ዘማሪዎቹ መጡና ለያዩን።


ረቡዕ፣ ጥር 14

መምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬው ይቆማል። መምህርት እታገኝ ግን ትንሽ ዘግይታ ነው የቆመችው። "...ጥሏት ስለሄደ ነው እንጂ መጽሐፍ ምን ያጣላል?" ስትል ሰማኋት።

ባይተወኝ ኖሮ እናገር ነበር? እየደወለ፣ እንዴት ዋልሽ እያለ ቢሆን... "ከማንም" ማለቱን እውጠው ነበር?

እንጃ።


ሐሙስ፣ ጥር 15

ጋሽ ወዳጆን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ኮፍያቸውን አነሡልኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ቀስ ብለው "ማኔ፣ ለኔ ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ዳኛው 'ወዳጆ በማሽን ሊተካኝ ነው አሉ' እያሉ ይቀልዱብኛል። ጡረታዬ ደርሷል። ቀልድ እፈራለሁ" አሉኝ።

"ይቅርታ ጋሽ ወዳጆ።"

"የለም የለም። ልክ ነሽ።" አሁንም ቀስ ብለው። ሰው እንዳይሰማቸው ግራ ቀኝ አይተው ነው ልክ ነሽ ያሉኝ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ቅዳሜ ነው። ማንም አልጠራም። ከሰዓት በኋላ ቤቴን ጠረግኩ። እንደገና ጠረግኩ።


ሐሙስ፣ የካቲት 20

ቤተል ሄደች። ክሊኒኩ ተቀበላት፤ ታርቃዋለች ማለት ነው። መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ላልሄድ ነበር።

ሻንጣዋን አውቶቡሱ ላይ ሲጭኑ ቆመን አየን። "አንቺ እውነቱን ተናገርሽ" አለችኝ፣ "እኔ ደግሞ መኖር አለብኝ።"

"መኖርማ አለብሽ።"

አቀፈችኝ። አጥብቃ አይደለም። "ምን ላንብብ ስል እደውልልሻለሁ" አለች ስትሳፈር። አልመለስኩላትም። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር ያልሰማሁ መስሏት ይሆናል።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ከበዓል መልስ ተማሪው ግማሽ ነው። ከሚያስተምሩት መምህራን የሚያዛጉት ይበዛሉ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከራቤል ተዛውራ የመጣችው ጌታነሽ እረፍት ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ሒሳብ ነው የምታስተምረው። ልጅ ናት፣ ፊቷ ገና ይጓጓል።

"መምህርት ማናለብሽ፣ አንባቢ ነሽ ሲሉ ሰምቼ ነው። የሳይንስ ልቦለድ ነፍሴ ነው። በየትኛው ልጀምር?"

"ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ደስ ያለሽን አንሺ።"

"አንቺ የትኛውን ትይኛለሽ ግን?"

ምላሴ ላይ ነበር። እንዴት እንደሚጀምር፣ የቱ ጋ ታግሳ ማለፍ እንዳለባት፣ የቱ ጋ እንደምታለቅስ... ዋጥኩት።

"ምንም አልልሽም።"

ደነገጠች። ያጠፋች መስሏት "ይቅርታ" ብላ ሻይዋን ይዛ ወደነ እታገኝ ሄደች። ጥፋቷ ምንድን ነው? ምንም። ተመልሼ ልጠራት አሰብኩ። ደወሉ ተደወለ።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። አዲስ መጽሐፍ ነው። ሁለቴ አስቀምጬው ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። እንዲህ ከሚያደርገኝ መጽሐፍ ጋር ከተገናኘሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ? ለአንድ ሰው ካልነገርኩ የሚፈነዳ ነገር ደረቴ ውስጥ አለ።

ርዕሱን እዚህ ጽፌው ነበር። ሰረዝኩት።