ተኝቷል ያልሽኝ ልጅ

ይድረስ ለእህቴ ለቱዳ፣ ባሕር ማዶ ማርሴይ

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ያ የብርድ ሳልሽስ እንዴት አደረገሽ? ልጅሽ ሃዱ፣ ሚስቱ፣ ሕፃናቱስ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ጽሑፌን ታግሠሽ አንብቢው። ስልኩ ያለው በልጄ በኢዛ እጅ ነው፤ እሷ ሳትሰማ ላናግርሽ አልቻልኩም። ስለዚህ ነገ በሚሳፈረው ጎረቤታችን እጅ ይህን ልኬልሻለሁ።

ኢዛ አምስት ወር ገብቷታል። ሁለት ጊዜ እንዳስወረዳት ታውቂያለሽ። ዘንድሮ መክናስ ከተማ ያለችው ሐኪም ምክንያቱን ነገረችን፤ ደሟ የገዛ አካሏን እንደ ጠላት እየወጋ ነው። የጉንጯ መቅላት፣ የጣቶቿ ማበጥ ሁሉ ከዚያ ነው። አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ሕፃኑ ተሻግሮ ልቡን ነክቶታል፤ አመታቱ መንቀራፈፍ ጀምሯል። ክኒኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ፣ ካቋረጥሽ ለሁለታችሁም እሰጋለሁ አለቻት።

ይህን የሰማችው ያምና፣ የመንደራችን አዋላጅ፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ልቡ ቀስ ካለማ ሊተኛ ነው፣ እሰይ! ደሟ እስኪበርድ ማሕፀኗ ውስጥ ተኝቶ ይቆይ። ለመሆኑ ሐኪሟ ራሷ ወልዳ ታውቃለች?» ብላ ሳቀች። ኢዛም ክኒኑን ወንዝ ጨመረችው። ስጮህባት፣ «እማ፣ እኔስ አሥራ አንድ ዓመት ሆድሽ ውስጥ ተኝቼ የነቃሁት በክኒን ነው እንዴ?» አለችኝ።

ቱዳ፣ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ሆኜ በትኩሳት ራሴን ስቼ ስነቃ፣ ልጁ ተኝቷል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ቢጫ ሻሽሽ በዚያው ቀን ጠፋ፤ ከፖም ዛፉ ሥርም አፈሩ ተቆፍሮ ነበር። ያኔውኑ ገብቶኛል። ዝም ያልኩት ባሌ ሌላ እንዳያመጣብኝ ነው፤ በአገራችን ልጅ ማሕፀኗ ውስጥ የተኛባትን ሴት ማን ይፈታል? ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ኢዛን ስወልድ፣ የተኛው ነቃ ብለው እልል ሲሉ አብሬ እልል አልኩ። አንቺንም ራሴንም ይቅር አላልኩም።

አሁን ግን ፍርሃት ሊገድለኝ ነው። ክኒኑን ካቆመች ዛሬ ስምንት ቀኗ ነው፤ እግሯ አብጧል። የማክሰኞውን ቀጠሮም አልሄድም ብላለች። እውነቱን ብነግራት፣ ሐኪሟ አስፈራርታሽ የፈጠርሽው ነው አለችኝ። አንቺን ታምናለች። ይህ እንደደረሰሽ ምራቅሽን እንኳ ሳትውጪ ደውይላት። በሻሽሽ ምን እንደጠቀለልሽ፣ የት እንደቀበርሽው፣ እስትንፋስ እንዳልነበረው ንገሪያት። አታለሳልሺላት።

ሃዱን፣ ሚስቱን፣ ሕፃናቱን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ኢዛም ሰላም ብላሻለች፤ ምን እንደጻፍኩልሽ ግን አታውቅም።

እህትሽ ፋድማ

ሚደልት፣ መጋቢት 9 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.