በእርሳስ የበየድኩት ቧንቧ

ጥሩነሽ፣ የልጅነት ሚስቴ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለት ፍልሰታ ብቻዬን ጾምኩ። እኔ እንደምታውቂኝ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የሚጽፉልኝ ጎረቤታችን ቄስ ናቸው። ቃሌን እንዳያሳምሩብኝ አደራ ብያቸዋለሁ።

ቢቸና ደህና ናት። ቀይዋ ላም ወልዳለች። የጓሮው ጌሾ አጥሩን አልፎ ሄዷል፤ የሚቀጥፈው የለም። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ። ከውጭ ስገባ «መጣ ደግሞ ደጃዝማቹ!» የሚለኝ የለም።

ያንን ቧንቧ ያመጣሁ ዕለት ትዝ ይልሻል? ሞጣ ከተሰበረ የጭነት መኪና ላይ የተነቀለ ነው። የአረቄ ማውጫሽን ሸምበቆ ጥዬ እሱን፣ ቀዳዳውን በቀለጠ እርሳስ በይጄ፣ ገጠምኩልሽ። አይተሽ ሳቅሽ፤ «አንተ ሰውዬ፣ መኪናውን እንዳለ እንስራው ላይ ብትጭነው ምን ነበረበት?» አልሽኝ። እኔ ኮራሁ። ሦስት ሴቶች ለምነውኝ ለነሱም ሠራሁ።

አንቺ ሳትቀምሺ ለሰው የምትሰጪው አረቄ አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ሳቅሽ ጠፋ። ሆድሽን ይቆርጥሽ ጀመር፤ እጅሽ ዛለ፤ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ትውያለሽ። ጠበል ወሰድኩሽ። ሳይሻልሽ ሲቀር በወንድሞችሽ ፊት «ሰንፋለች» አልኩ። ቀና ብለሽ አየሽኝና ፊትሽን መልሰሽ ወደ ግድግዳ አዞርሽ። ሳትሰድቢኝ ያለፍሽው ያን ቀን ብቻ ነው። ክረምቱንም ሳትዘልቂ አረፍሽ።

የቀረውን አረቄሽን፣ የእጅሽ ነው ብዬ፣ በስስት እጠጣ ነበር። ዘንድሮ የኔም ሆድ እንዳንቺው ቆረጠኝና ሞጣ ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ድዴን ገልጦ ጥቁር መስመር አየና የምጠጣውን ጠየቀኝ። አረቄውንም ቧንቧውንም ነገርኩት። እርሳሱ ከአረቄው ጋር ሰውነት ውስጥ ይገባል፣ አጥንት ላይ ይተኛል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ሰውንም ያለ ምክንያት ያስተክዛል አለኝ። ያንቺን ግን ሳያይሽ በእርግጥ እንደማይናገር ነገረኝ። ለእኔ ግን ይህ በቃኝ። በቅሎዬን ይዤ ስመለስ መንገዱ ጠፋኝ።

ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ላይ ተነሣሁ። ቧንቧውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጥሩነሽ ታማ ነው እንጂ ሰንፋ አልነበረም፣ ያላችሁ ጣሉት አልኩ። ጥፋቴን በሰው ፊት ስናገር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለቱ ሴቶች ዕለቱን አምጥተው እግሬ ሥር ጣሉት። ሦስተኛዋ፣ ከወንዝ ማዶ ያለችው ግን «ጃጅተዋል!» ብላ ሳቀችብኝ። ልቆጣ ነበር፤ ሳቋ ያንቺን መሰለኝና ቆሜ ሰማሁት።

ነገ ደጇ እሄዳለሁ። ብታባርረኝ ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ፤ እስክትጥለው አልተዋትም። አንቺንም አልረሳሽም፤ ሰነፍ ባልኩሽ በዚሁ አፌ፣ አፈር እስኪገባበት ድረስ፣ ስምሽን በክብር እጠራለሁ።